የጓሮ ጥራጊና የሙዝ ቀለብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙት የሙያ ባልደረቦቼ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ታላላቅ ሕንፃዎች ተናግረዋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ጉድጓድ ልናገር ተነሥቻለሁ። ጉድጓዱ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ስፋትና 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ነው። ፌሮ አልገባበትም፤ ሲሚንቶም አልፈሰሰበትም። ሆኖም እስከ ዛሬ በሙያዬ ከሠራኋቸው ሥራዎች ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ እርሱ በመሆኑ፣ ያየሁትን ለእናንተ ላካፍል ወደድሁ።

ነገሩ የጓሮ ጥራጊን አብስብሶ ሙዝን መቀለብ ነው። ይህማ የገበሬ ጉዳይ እንጂ የመሐንዲስ አይደለም የሚል ባልደረባ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የነገሩ አጀማመር

የውኃ መሐንዲስ ሆኜ ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ በሄድሁ ጊዜ፣ ሴቻ በሚባለው በላይኛው የከተማው ክፍል አንድ ቤት ተከራየሁ። ግቢው ዘቅዘቅ ያለ ነበር። ከላይ በኩል ሁለት የማንጎና አንድ የአቮካዶ ዛፍ፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጥቂት ሙዞች ነበሩ። አርባ ምንጭ የሙዝ አገር መሆኗን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በእኔ ግቢ የነበሩት ሙዞች ግን ለአገሩ ስም የሚመጥኑ አልነበሩም። የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፍና ከዳር እየጀመሩ ቢጫ ይሆናሉ፤ ቀጥሎም ይደርቃሉ። ዘለላቸው አጭር፣ ፍሬያቸውም ቀጭን ነበር።

በአንጻሩ ዛፎቹ በየቀኑ ቅጠል ያራግፋሉ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠሉን ጠርጌ እሳት እለቅበት ነበር። የቀረውን ከወጥ ቤት ልጣጭና ከቡና አተላ ጋር በጆንያ ሞልቼ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አስረክባለሁ። ግቢዬን በማጽዳቴም እኮራ ነበር።

አንድ ቀን ይህን ልማዴን በሒሳብ ልመረምረው ተቀመጥሁ። በ100 ግራም የሚበላ ሙዝ ውስጥ 360 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም ይገኛል። 20 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ዘለላ ውስጥ 13 ኪሎ ግራሙ የሚበላ ነው ብንል፣ በልጣጩና በዘለላው አገዳ ውስጥ ያለው ሳይቆጠር፣ ከአንድ ዘለላ ጋር ወደ 47 ግራም ፖታሲየም ከአፈሩ ይወጣል ማለት ነው። በየዓመቱ የሚወጣ እንጂ የሚገባ ከሌለ ሒሳቡ ወዴት እንደሚያደርስ ለእናንተ መንገር አያሻም። የታችኛው ቅጠል ከዳሩ ቢጫ ሆኖ መድረቁም የፖታሲየም ማነስ የታወቀ ምልክት ነው። ተክሉ ከአፈሩ ሲያጣ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ለካስ ሙዞቼ የራሳቸውን ሥጋ እየበሉ ኖረዋል።

የመጀመሪያው ንድፍ

ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ እንደ መሐንዲስ ተነሣሁ። ወረቀት ዘርግቼ ሦስት ክፍል ያለው የብሎኬት ማብሰቢያ ነደፍሁ። የመጀመሪያው ክፍል ለአዲስ ጥራጊ፣ ሁለተኛው በመብሰል ላይ ላለው፣ ሦስተኛው ለበሰለው የታሰበ ነበር። ከዐይንም ከአፍንጫም እንዲርቅ በግቢው የታችኛው ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር አስቀመጥሁት። ፍሳሽ እንዳይጠራቀምበትም በወለሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ቀዳዳ ተውሁለት፤ ቀዳዳውም ወደ አጥሩ የሚያይ ነበር። በእውነቱ ንድፉ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምር ነበር።

የሞላሁት የታጨደ እርጥብ ሣርና የወጥ ቤት ትርፍራፊ ነው። ደረቁን ቅጠል አሁንም አቃጥለው ነበር፤ ደረቅ ነገር ምን ይበሰብሳል ብዬ ነበርና። ሚያዝያ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ክምሩ ረጋ፣ ጠቆረ፣ እንደ ጭቃም ሆነ። ሽታው እስከ መንገድ ይሰማ ጀመር፤ ዝንቡም በረከተ።

ከአጥሩ ማዶ የጨንቻ ተወላጅ የሆኑ በዕድሜ የገፉ እናት ይኖሩ ነበር። አንድ ጠዋት ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። እርሳቸው ግን ያለ አንዳች ቃል ወደ ጓሯቸው ይዘውኝ ሄዱ። ከአጥሩ ጥግ፣ ልክ ከእኔ ቀዳዳ ትይዩ፣ የቆሙት ሙዞቻቸው ግንዳቸው የወፈረ፣ ቅጠላቸው እስከ መጨረሻው የለመለመ ነበር። ከዚያ አሥር እርምጃ ርቀው የተተከሉት ሌሎች ሙዞቻቸው ግን ከእኔዎቹ እምብዛም አይሻሉም።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፤ «ሽታውም ወደ እኔ መጣ፣ ቀለቡም ወደ እኔ መጣ። ለአንተ ምን ቀረልህ?»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ።

«ይቅርታውንስ አድርጌያለሁ፤ ዝንቡን ግን ውሰድልኝ» ብለው ሳቁ።

ክቡራን አባላት፣ የውኃ መሐንዲስ ነኝ። ውኃ ወዴት እንደሚሄድና ምን ይዞ እንደሚሄድ ማወቅ የዕለት እንጀራዬ ነው። ፖታሲየም በውኃ በቀላሉ የሚሟሟ መሆኑንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሆኖም ሣጥኑን አሳምሬ ስሠራ፣ ለሙዞቼ የምፈልገውን ቀለብ ዝናብ አጥቦ በገዛ ቀዳዳዬ ለጎረቤት እንዲያደርስ አድርጌ ነደፍሁት። በዚያች ጠዋት የተሰማኝ እፍረት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ከእንሰት የተማርሁት

እኒያ እናት ያደጉት በእንሰት አገር ነው። እንሰትና ሙዝ በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በጋሞ ደጋ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በሌሎችም የእንሰት አገሮች እንሰት በቤት ዙሪያ ይተከላል፤ የከብቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድና የቤቱ ጥራጊም ወደ እርሱ ይሄዳል። እማማም «በእኛ አገር እንሰቱ ፍጉ ወዳለበት፣ ወደ ቤት ተጠግቶ ይተከላል። አንተ ግን ፍጉን ከሙዙ አርቀህ አሰርኸው» አሉኝ።

ይህን አነጋገር በምሕንድስና ቋንቋ ብንመልሰው፣ ቀለቡ የሚመረትበትንና የሚበላበትን ቦታ አንድ አድርገው፤ ማጓጓዣውን አስቀርተህ የሚሾልከውንም በበላተኛው ሥር አሳልፈው ማለት ነው። ለብዙ ዘመን የተፈተነ ንድፍ ከአጥሬ ማዶ እያለ እኔ ብሎኬት ስቆጥር ነበር።

ደረቁን ቅጠል ማቃጠሌም ሁለተኛው ስሕተቴ ነበር። ይህን ለመረዳት ብስባሽ እንዴት እንደሚበስል በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል።

የመብሰል ሥራ

ጥራጊን ብስባሽ የሚያደርጉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እነርሱም እንደ ማንኛውም ፍጡር ምግብ፣ ውኃና አየር ይሻሉ። ምግባቸው ሲመጣጠን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለ1 እጅ ናይትሮጂን ይሆናል። እርጥብ ሣርና የወጥ ቤት ልጣጭ ናይትሮጂን ይበዛባቸዋል፤ በእነርሱ ውስጥ ካርቦኑ ከ15 እስከ 25 እጅ ያህል ነው። የደረቀ ቅጠል ግን ከ40 እስከ 80 እጅ ይደርሳል፤ የእንጨት ፍቅፋቂ ደግሞ ብዙ መቶ እጅ ነው። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም። በተግባር ሲታይ፣ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ጥራጊ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ቢጨመር ለመካከለኛው ልክ ይቀርባል።

ደረቁ ቅጠል ሌላም አገልግሎት አለው። በክምሩ ውስጥ ክፍተት ፈጥሮ አየር ያሳልፋል። አየር ያጣ ክምር እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ አሞኒያ የሚሸት ክምር ደግሞ ናይትሮጂኑ ከልክ አልፎ ወደ ሰማይ እየበነነ ነው። በሁለቱም ጊዜ መድኃኒቱ ደረቅ ቅጠል ጨምሮ በመንሽ ማገላበጥ ነው። እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ ቢሆን መልካም ነው፤ መለኪያ ለሌለው ሰው እጅ ይበቃዋል። አንድ ጭብጥ ጥራጊ ሲጨመቅ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ብቻ ቢወጣው ልኩ ነው፤ ውኃ ቢያፈስስ በዝቶበታል፤ ተበትኖ ቢቀርም ጠምቶታል።

እነዚህ ነገሮች ተሟልተውለት አንድ ሜትር ኩብ ያህል መጠን ያለው ክምር ከተሠራ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ይህ ሙቀት ለተወሰኑ ቀናት ሲቆይ አብዛኛውን የአረም ዘር ይገድላል። ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም፤ ይበሰብሳል፣ ግን አይግልም።

ይህ ሳይንስ በጽሑፍ የተደራጀው ዛሬ አይደለም። እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ በህንድ አገር በኢንዶር ከተማ፣ ከአገሩ ገበሬዎች ልማድ ተምሮ ዘዴውን አሻሽሏል። በአገራችንም ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የጀመረው ሥራ፣ ብስባሽ የደከመ መሬትን ሊያነሣ እንደሚችል አሳይቷል።

ሁለተኛው ንድፍ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ጋብ ሲል ሣጥኑን አፍርሼ፣ በግቢው መካከል በመግቢያዬ ላይ የጠቀስሁትን ክብ ጉድጓድ ቆፈርሁ። እንደ ሳሕን ጎድጎድ ያለ በመሆኑ የሚይዘው 1.25 ሜትር ኩብ ያህል ነው። የወጣውን አፈር በዙሪያው እንደ ቀለበት ከመርሁት። በቀለበቱ ላይ፣ 3 ሜትር ስፋት ባለው ክብ፣ አምስት የሙዝ ችግኞች ተከልሁ። የክቡ ዙሪያ 9.4 ሜትር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሙዝ ወደ 1.9 ሜትር ይደርሰዋል።

በጉድጓዱ ሥር መጀመሪያ ሸካራውን ቅርንጫፍ፣ በላዩ ደረቅ ቅጠል፣ ከዚያም እርጥቡንና ደረቁን በየተራ አነባበርሁ። የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ሁልጊዜ በደረቅ ቅጠል ይሸፈናል፤ ዝንብ የጠፋው በዚህ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላ ከጉልበት በላይ ይከመራል፤ ከአንድ ወር በኋላ ወርዶ ለአዲስ ጥራጊ ቦታ ይለቅቃል። ዝናብ አጥቦ የሚያወርደው ፖታሲየምም የሚሄደው ወደ ሙዞቹ ሥር ነው። የሙዝ ሥር አብዛኛው ከላይኛው 40 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ የቀረበለትን ፈጥኖ ያገኛል።

ውኃውን በሚመለከት ሙያዬ በመጨረሻ ጠቀመኝ። ሙዝ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውኃ ይሻል፤ የአርባ ምንጭ ዝናብ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ ከጣሪያው የተወሰነ ውኃ ወደ ጉድጓዱ ላመጣ አሰብሁ። ከ40 ሜትር ካሬ ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ጉድጓዱን አጥለቅልቆ አየር ያሳጣዋል። በመሆኑም የ10 ሜትር ካሬውን ጣሪያ ውኃ ብቻ፣ ማለት 250 ሊትሩን፣ ወደ ጉድጓዱ መራሁ፤ በቀለበቱም ላይ ትርፉ የሚወጣበት ዝቅ ያለ በር አበጀሁለት። በዚህ ጊዜ በሩ ወደ እማማ አጥር ሳይሆን ወደ ሌሎቹ ሙዞቼ የሚያይ ነበር።

ሙዝ አንድ ግንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያፈራል። ዘለላው ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ ተከትክቶ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፤ በውስጡ ብዙ ፖታሲየም አለና። ከሥሩ ከሚወጡት ልጆች መካከልም እናቲቱን፣ አንድ ልጅና አንድ የልጅ ልጅ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ማንሣት ይገባል።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ከለውጡ በፊት የመዘንሁት ዘለላ 11 ኪሎ ግራም ነበር፤ ከአዲሱ ጉድጓድ ዳር የመጀመሪያው 19 ኪሎ ግራም ሆነ። ይህ ጥናት አይደለም። ችግኙ አዲስ ነበር፤ ልጆቹን ማሳሳቴና የጣሪያው ውኃም ድርሻ አላቸው። ሆኖም የታችኛው ቅጠል መቃጠሉ መቆሙን በዐይኔ አይቻለሁ።

ጥንቃቄ የሚሻው

ይህን ሁሉ ስናገር አንድ አደጋ ሳልጠቅስ ባልፍ በደል ይሆናል። እንሰትንና ሙዝን የሚያጠፋ አጠውልግ የሚባል በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ አለ። በእንሰት ላይ መታየቱ ከአገራችን ለዓለም በጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በሙዝ ላይም እ.ኤ.አ. በ1974 ተገልጿል፤ በ2001 በኡጋንዳ ከታየ በኋላም በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ የሙዝ እርሻ አውድሟል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቢጠወልግ፣ ፍሬው ያለ ጊዜው ቢበስልና ውስጡ ቢጠቁር፣ ግንዱም ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ቢያወጣ፣ ያን ተክል ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ማስገባት በሽታውን በገዛ እጅ መዝራት ነው። ጉድጓዱ እንደ ትልቅ ክምር የማይግል መሆኑን እናስታውስ። የታመመው ተነቅሎ ለብቻው ይቀበር፤ የተቆረጠበት ቢላዋም በእሳት ወይም በበረኪና ይጽዳ። ችግኝም ጤናው ካልታወቀ ጓሮ አይወሰድ።

ለእኛ ለሠሪዎች ደግሞ ሌላ ማሳሰቢያ አለኝ። እንዲህ ያለውን ጉድጓድ ከቤት መሠረትና ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ማራቅ ግድ ነው። በተለይ ውኃ ሲጠጣ በሚያብጥና ሲደርቅ በሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ላይ በተሠራ ቤት አጠገብ መቆፈር ግድግዳን ለመሰንጠቅ መጋበዝ ነው።

ከአንድ አጥር ወደ ከተማ

አሁን ከአጥሬ ወጥቼ ስለ ከተሞቻችን ጥቂት ልናገር። 10 ቶን ሙዝ ጭኖ ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አንድ መኪና፣ በዚያው ባልሁት ስሌት ከ20 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ፖታሲየም ከአርባ ምንጭ አፈር ይዞ ይወጣል። ሙዙ ተበልቶ ልጣጩ የት ይደርሳል? ወደ እርሻው አይመለስም፤ ከሌላው ጥራጊ ጋር ተደባልቆ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊበሰብስ የሚችል ነገር ነው። ሳይለይ ሲከመር አየር አጥቶ ሚቴን ጋዝና መርዛማ ፍሳሽ ያመነጫል፤ ውኃ ስለሞላበትም ለማቃጠል እንኳ አይመችም።

በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ጓሮ ውስጥ አንድ ጉድጓድ ቢኖር ያ አደጋ ይቀር ነበር አልልም፤ እንዲህ ማለት የሞቱትን ማቃለል ነው። ነገር ግን ወደዚያ ተራራ ከሄደው ውስጥ ከፊሉ በየጓሯችን የአፈር ቀለብ ሊሆን ይችል የነበረ መሆኑን መካድ አይቻልም። እኔም በየቅዳሜው ጆንያዬን ሳስረክብ ኖሬያለሁና ይህን የምናገረው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም።

በአዲስ አበባ ብርድ ሙዝ ያፈራል ብዬ አላታልላችሁም። ይሁን እንጂ ለድፎ ዳቦ የሚሆን ኮባ፣ ጎመንና ድንች በሚበቅሉበት ጓሮ ሁሉ ሒሳቡ ያው ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። እኛ በምንነድፈው የግቢ ፕላን ላይ የውኃ ታንከር፣ የፍሳሽ ጉድጓድና የመኪና ማቆሚያ ቦታቸው ታውቆ ይሰመራል። ቅጠል የሚወድቅበትን ግን ማንም አይሰምርም፤ እንዲያውም ግቢው ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ይነጠፋል፤ ከዚያም ጥራጊው ችግር ሆነ ይባላል። ከእንግዲህ ከምንሠራው ፕላን ሁሉ ላይ፣ ቤት ቢሆን ትምህርት ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር የምትሆን መሬት ለጥራጊ እንተውለት። ስትነደፍም ውኃው ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚወጣ እንጠይቅ። ወጪው የአንድ ቀን ቁፋሮ ነው።

እማማ የጠየቁኝን ጥያቄ ለእናንተም ትቼ እወርዳለሁ። ከግቢያችን በየሳምንቱ የሚወጣውን ጆንያ ስናይ፣ ሽታው ለሌላ ሰው፣ ቀለቡም ለማንም ሳይሆን ሲቀር፣ ለእኛ ምን ቀረልን?